ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ሲናርላይን ወይስ ስልክ? ለጀማሪ ልብ ወለድ ጸሐፊ የቱ ይበጃል

ደሴ ፒያሳ ከሚገኙት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ለልብ ወለድ የሚሆን ደብተር የሚመርጥ ሰው፣ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ጠንካራ ሽፋን ባለው ሲናርላይን ላይ ነው። ያምራል፣ ይበረክታል፣ ገጹም ብዙ ነው። ለጀማሪ ግን አንመክረውም። እዚህ የምንመዝነው የወረቀቱን ጥራት ብቻ አይደለም። ዕቃው ጸሐፊውን ነገም ከነገ ወዲያም ወደ ጠረጴዛው ይመልሰዋል ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው። በዚህ ሚዛን አንደኛ የሚወጣው ተማሪ ሁሉ የሚይዘው ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው።

ባለ 50 ሉክ ማለት 25 ሰፋፊ ወረቀት ከመሐል ታጥፎ በሽቦ የተያዘ፣ ባለ 100 ገጽ ደብተር ነው። አያያዙ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ቀኝ ቀኙን ገጽ ብቻ ከ1 እስከ 50 ቁጥር ስጡት። ግራው ባዶ ይቆያል፤ ለእርማት፣ ለተረሳ ዓረፍተ ነገር፣ ለገጸ ባሕርያት ስምና ዕድሜ ያገለግላል። ከዚያ በቀን አንድ ቀኝ ገጽ፣ ከላዩ ቀን ተጽፎበት። መካከለኛ የእጅ ጽሑፍ ላለው ሰው አንድ ገጽ ከ120 እስከ 150 ቃል ይይዛል። ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽ መሆኑም ነው የሚጠቅመው። ደክሟችሁ ከሥራ ስትገቡም፣ እንግዳ ሲበዛም፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ ተሠርቶ የሚያልቅ ድርሻ ነው። ሐሳቡ ከሞላና እጅ ከተፍታታ ሁለት ሦስት ገጽ መጻፍ ይቻላል፤ የነገው አንድ ገጽ ግን በዛሬው አይካካስም።

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው የሰው ኮታ ተውሶ ነው። በእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ዘንድ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የተስፋፋ ልማድ አለ፤ በኖቬምበር 30 ቀናት ውስጥ 50,000 ቃል መጻፍ፣ ማለትም በቀን 1,667 ገደማ። ይህ ቁጥር በኛ ደብተር በቀን 12 ገጽ ያህል መሆኑ ነው። በዚያ ላይ አንድ የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ፣ ያው ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ የቃሉ ቁጥር ያንሳል። የእንግሊዝኛውን ኮታ በአማርኛ መከተል ማለት እንግሊዝኛ ጸሐፊው ራሱ ካሰበው በላይ መጫን ነው። በገጽ ቁጠሩ።

ለምን በየቀኑ ለሚለው ጥሩ መነሻ የሚሆን ጥናት አለ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሥራ፣ አንድ ድርጊት ሳያስቡት የሚሠሩት ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደወሰደ አሳይተዋል። ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ነው። የተጠኑት ድርጊቶች ውሃ እንደመጠጣት፣ ፍራፍሬ እንደመብላትና ስፖርት እንደመሥራት ያሉ ስለሆኑ፣ ልብ ወለድ ከዚያ ቢረዝም አይግረማችሁ። ከመደብሩ ለሚገዛው ዕቃ ይህ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። 50 ቀኝ ገጽ በ50 ቀን ያልቃል፤ ልማዱ ገና ሳይጸና ደብተሩ ይሞላል፣ አዲስ እስኪገዛ በሚያልፉት ቀናትም ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ስለዚህ ከመነሻው ሁለት ደብተር፣ መስመራቸው አንድ ዓይነት የሆነ፣ በአንድ ጊዜ ግዙ።

የደብተሩ ደካማ ጎን ሽቦው ነው። ከፊት አንድ ሉክ ሲገነጠል ከኋላ ያለው ጥንዱም ላልቶ ይወድቃል። ያልወደዳችሁትን ገጽ አትቅደዱ፤ በአንድ ሰያፍ መስመር ሰርዙትና እለፉ። የተሰረዘ ገጽም የተሠራ ቀን ነው። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ጄል እስክርቢቶ ጀርባው ላይ ይወጣል፣ የግራው ገጽም ይበላሻል። ተራው ቢክ ይሻላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ማለዳው ይበርዳል፤ የቢክ ቀለም በብርድ ይወፍርና የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ይዘላል። መዳፍ ውስጥ ጥቂት አሽታችሁ በኋላው ሽፋን ላይ ብትሞነጭሩበት ይከፈታል። ክረምት ላይ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙት።

አሁን ወደ ሲናርላይኑ። ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ጭን ላይ አድርጎ ለመጻፍ ይመቻል፣ ዓመታትም ይቆያል። ችግሩ አዲስ ሳለ ጥርዙ ጠብቆ ጠፍጣፋ ሆኖ አለመከፈቱ፣ ክብደቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያሳድረው ፍርሃት ነው። የሚያምር ደብተር የሚያምር ዓረፍተ ነገር ይጠይቃል። ጀማሪው የመጀመሪያውን ገጽ አሥር ጊዜ በልቡ ያርመውና አንድም ሳይጽፍ ይዘጋዋል። ረቂቅ ደግሞ መቆሸሽ አለበት።

ስልክ ሦስተኛ ነው፤ መጥፎ ስለሆነ ግን አይደለም። የጂቦርድ አማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ በነፃ የሚገኝና የሚሠራ ነው፤ ጉግል ዶክስም ጽሑፉን ከስልኩ ውጭ ስለሚያስቀምጥ ስልኩ ቢሰረቅ ታሪኩ አይጠፋም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን አንድ ነገር ቀድሞ መሠራት አለበት። ከፋይሉ ስም ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። ይህ ካልተደረገ ኔትወርክ ሲጠፋ ፋይሉ እምቢ ሊል ይችላል፣ የዚያ ቀን ጽሕፈትም አብሮ ይቀራል። በድምፅ ማስጻፍም በአማርኛ ይቻላል፤ የሚሳሳተውን ማረም ግን ረቂቅን አቋርጦ ወደ እርማት ይወስዳል፣ ለመጀመሪያ ረቂቅ አይሆንም። የስልክ ትልቁ በሽታ ቴሌግራም ነው። ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ሳታደርጉ ስልክ ላይ ልብ ወለድ አትጀምሩ።

ስልኩ በእርግጥ የሚጠቅመው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሰዓት መቁጠር። 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚለውን ዘዴ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው ነው። ለመነሳት ጥሩ ነው፤ ደወሉ ግን ሁለት ገጸ ባሕርያት መነጋገር በጀመሩበት መሐል ይጮሃል። ገጹ እየሄደ ከሆነ ዕረፍቱን ዝለሉት። ሁለተኛው ጥቅም በሳምንት አንድ ቀን የሳምንቱን ገጾች መተየብ ነው። ስትተይቡ የሚደጋገመው ቃል፣ የሚጎትተው ንግግር ይታያችኋል፤ እርማቱ እዚያ ይጀመር እንጂ በጠዋቱ ገጽ ላይ አይሁን። ቀኑን በሚመቻችሁ ወስኑ፤ ባቲ ያለ ሰው ሰኞን ለገበያው ትቶ እሑድ ቢያደርገው ይሻለዋል።

ሰዓቱን ከነባር ልማድ ጋር እሰሩት። «ሲመቸኝ» የሚባል ሰዓት የለም። ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ከኪዳን መልስ፣ ወይም ቤት ውስጥ ቡና ከመቀራረቡ በፊት፤ ማንኛውም በየቀኑ ያለ ጥሪ ይሆናል። ቡናው ራሱ ግን መጥፎ ሰዓት ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጨዋወት ጥግ ይዞ መጻፍ አይቻልም፣ ነውርም ነው። ያ ሰዓት ጆሮ የሚከፈትበት ነው። የሰማችሁትን አነጋገር ማታ በግራው ገጽ አስፍሩት።

ስለ ጫት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ወሎ ውስጥ ጽሕፈትን ከበርጫ ጋር ያቆራኘ ሰው ብዙ ነው። በምርቃና ገጽ ይበዛል፣ ሁሉም ዓረፍተ ነገር ድንቅ ይመስላል፤ በማግስቱ ሲነበብ ግን አንዱ ሐሳብ አምስት ጊዜ ተዟዙሮ ይገኛል። የከፋው ጽሕፈቱ በጫቱ መታሰሩ ነው። ገንዘብ ሲጠፋ ወይም ጾም ሲገባ ብዕሩም አብሮ ይቆማል።

ለዕለቱ መነሻ የሚሆነው የትናንቱ ገጽ ብቻ ነው፤ ከገጽ 1 ጀምሮ ማንበብ ወደ እርማት ይጎትታል። ለዚህም ማታ ወይም ጠዋት ስትጨርሱ ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር ተዉ። «ነገ፦ ምዕራፍ ሁለት ይቀጥላል» የሚለው ምንም አይረዳም። «ነገ፦ ዘሀራ ከኮምቦልቻ በመጣው ሚኒባስ ውስጥ ወንድሟን አየችው። እሱ አላያትም። ትጠራዋለች?» የሚለው ግን በማግስቱ እጅ ይዞ ያስገባል። ስለዚህ ትዕይንቱን ጨርሳችሁ ሳይሆን የሚቀጥለውን እያወቃችሁ አቁሙ።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኛ የቀን መቁጠሪያ ለክትትል ከየትኛውም መተግበሪያ ይበልጣል። አሥራ ሁለቱም ወር እኩል 30 ቀን ስለሆነ የጥቅምትን ገጽ ከኅዳር ጋር ማነጻጸር ቀላል ነው። ገጹ ሲያልቅ ቀኑ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ባዶ የቀረውን እንዳለ ተዉት። ከላይ የጠቀስነው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርስ አሳይቷል። ለቅሶ፣ ሕመም፣ መንገድ ይኖራል። የቀረውን ገጽ ለማካካስ በማግስቱ ሁለት አትጻፉ፤ አንዱን ብቻ ጻፉ። ሁለት ባዶ ቀን ከተከተለ ግን ምክንያቱን ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተመረጠው ሰዓት ስህተት ሆኖ ይገኛል። ሰዓቱን ቀይሩ፣ የገጹን መጠን ግን አትንኩ።

ሲናርላይኑ ቦታው ሁለቱ ደብተሮች ከሞሉ በኋላ ነው። መቶ ገጽ ረቂቅ ሲኖራችሁ ግዙትና ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ገጽ ስጡ፤ ከላይ ማን፣ የትና መቼ፣ ከታች ምን እንደተለወጠ። ምንም ያልተለወጠበት ትዕይንት ሲገኝ ከሁለተኛው ረቂቅ ይውጣ።