ጎግል አድስ ለትንሽ ቢዝነስ፦ ሴቲንጉን ራሳችሁ ከያዛችሁት ያዋጣል (ከ5 4 ኮከብ)

እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ የክሊኒንግ ካምፓኒ አለን፣ ቤትና ቢሮ ነው የምናጸዳው፣ የጎግል ማስታወቂያውን የማስተዳድረው ደሞ እኔ ነኝ። እዚህ ዲሲ አካባቢ ብዙ ሀበሻ በክሊኒንግ፣ በሆም ኬር፣ በሊሞ ስራ ላይ ስላለና "ጎግል ላይ ማስታወቂያ ያዋጣል ወይስ ብር መድፋት ነው" የሚል ጥያቄ ሁሌ ስለሚመጣ ያየሁትን ልጻፍላችሁ። ያዋጣል። ግን ጎግል አዘጋጅቶ በሰጣችሁ ሴቲንግ ዝም ብላችሁ ከሄዳችሁ አያዋጣም።

መጀመሪያ ሀበሻ ደንበኛ ፍለጋ ከሆነ እዚህ ብር አታውጡ፣ ሀበሻው በሰው በሰው ነው የሚመጣው። ጎግል የሚጠቅመው እናንተን ጭራሽ የማያውቅ ቤተስዳ ወይ አርሊንግተን ያለ ሰው ስልኩን አውጥቶ "ሀውስ ክሊኒንግ ኒር ሚ" ብሎ ሲጽፍ ነው፣ ያ ሰው ዛሬውኑ የሚያጸዳለት እየፈለገ ነው፣ እናንተም የምትከፍሉት ማስታወቂያውን ስላየ ሳይሆን ሲነካው ብቻ ነው። ይሄ አከፋፈል ለትንሽ ቢዝነስ በጣም ጥሩ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሬዲዮ ወይ መጽሄት ላይ እኮ ማን እንደሰማ ማን እንዳነበበ ሳታውቁ ነው የምትከፍሉት።

አሁን ወደ ሴቲንጉ፣ ብሩ የሚፈሰው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። አዲስ ስትሆኑ ስማርት ካምፔይን ወደሚባለው ቀላል መንገድ ሊወስዳችሁ ይሞክራል፣ እሱን ተዉትና ሴቲንጉን ሁሉ ራሳችሁ የምትመርጡበት ኤክስፐርት ሞድ ግቡ፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ ማንም የሚችለው ነው። ከዛ ሎኬሽን ላይ እኛ ያለንበትን ሞንጎመሪ ካውንቲ ብለን ስንመርጥ ጎግል በራሱ የሚይዘው "እዛ ያሉ ወይም ስለ ቦታው ፍላጎት ያሳዩ ሰዎች" የሚለውን ነው፣ ማለት ቴክሳስ ቁጭ ብሎ ስለ ሜሪላንድ የሚፈልግ ሰውም ሊነካላችሁ ይችላል፣ ስለዚህ "እዛ ያሉ" የሚለውን ብቻ ምረጡ። ቀጥሎ ሰርች ፓርትነርስ (ከጎግል ሰርች ውጪ ያሉ የመፈለጊያ ገጾች) እና ዲስፕሌይ ኔትወርክ የሚባሉት ቀድመው ቲክ ተደርገው ነው የምታገኟቸው፣ ሁለቱንም አጥፉ፣ ዲስፕሌይ በየዌብሳይቱና በየአፑ የሚበተን ምስል ነው፣ ቤት የሚያጸዳለት ፈላጊን አያመጣም። ኪወርዱንም (ማስታወቂያችሁ እንዲወጣ የምትመርጡትን የፍለጋ ቃል) ብሮድ ማች አታድርጉት፣ እሱ ከቃሉ ጋር የተያያዘ ለሚመስለው ፍለጋ ሁሉ ያወጣዋል፣ ፍሬዝ (የቃሉን ሀሳብ ለያዘ ፍለጋ) ወይም ኤግዛክት (ከቃሉ ጋር አንድ ትርጉም ላለው ፍለጋ) ይሁን። ዩቲዩብ ላይ ኪወርዱ ፊት የመደመር ምልክት አድርጉ የሚሉ የድሮ ቪዲዮዎች አሉ፣ እሱ ከ2021 ጀምሮ ቀርቷል፣ ጎግል አድስን በድሮ ስሙ አድወርድስ እያለ የሚያስተምር ካገኛችሁም ስሙ የተቀየረው በ2018 ነውና ቪዲዮው እንዳረጀ እወቁ።

እኔ ይሄን ነገር ከሁሉ በላይ የምወድለት ሰርች ተርምስ የሚባለውን ሪፖርት ነው። ሰው ጽፎ ማስታወቂያችሁን ያገኘበትን ቃል ያሳያችኋል (ሁሉንም አይደለም፣ ጥቂት ሰው ብቻ የጻፈውን ይደብቃል)። በክሊኒንግ ስራ ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ምንድነው፣ "ክሊኒንግ ጆብስ"፣ "ድራይ ክሊኒንግ"፣ "ቲዝ ክሊኒንግ" (ጥርስ ማጽዳት)፣ "ካርፔት ክሊኒንግ ማሽን ሬንታል" ምናምን። ስራ ፈላጊው ወገኔ ነው፣ ግን እሱ በነካ ቁጥር የሚከፈለው ከኛ ኪስ ነው! ስለዚህ ጆብስ፣ ሃይሪንግ፣ ሳላሪ፣ ድራይ፣ ቲዝ፣ ሬንታል የሚሉትን ሁሉ ኔጋቲቭ ኪወርድ ውስጥ (ማስታወቂያችሁ እንዳይወጣባቸው የምትከለክሏቸው ቃላት ዝርዝር) ታስገቧቸዋላችሁ፣ ጆብንም ጆብስንም ለየብቻ ጻፉ ምክንያቱም ኔጋቲቭ ላይ ነጠላና ብዙ ቁጥርን እንደ አንድ አያየውም። ባለቤቴ የሳምንቱን ፔይሮል ስትሰራ እኔ አጠገቧ ሆኜ ይሄን ሪፖርት አያለሁ፣ ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር የሚደውለው ሰው እየጠራ ነው የመጣው።

በጀት ላይ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፣ በቀን 20 ዶላር ብላችሁ አንዳንድ ቀን እስከ 40 ሊወስድ ይችላል፣ አትደንግጡ፣ የወሩ ግን በ30.4 ተባዝቶ ከ608 ዶላር አያልፍም።

ደሞ ብዙ የከፈለ ሁሌ ከላይ ይወጣል ማለት አይደለም። ጎግል ማስታወቂያችሁ ከተፈለገው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥምና ዌብሳይታችሁ ምን እንደሚመስል ያያል፣ ለያንዳንዱ ኪወርድም ከ1 እስከ 10 ኳሊቲ ስኮር ይሰጣል። የቢሮ ጽዳት የፈለገን ሰው ሆም ፔጅ ላይ ከምትጥሉት ስለ ቢሮ ጽዳት ብቻ የሚያወራ ገጽ ላይ አውርዱት፣ ስልክ ቁጥሩ ከላይ ይታይ፣ በስልክ ቶሎ ይከፈት።

ኮንቨርዥን ትራኪንግ (ከነኩት ውስጥ ስንቱ ደንበኛ ለመሆን እንደደወለ የሚቆጥረውን) ሳታስገቡ ደሞ ባትጀምሩት ይሻላል። የኛ ደንበኛ የሚደውል ነው፣ ስለዚህ ከ60 ሰከንድ በላይ የቆየ ጥሪ ብቻ እንዲቆጠር አድርገነዋል። እንበል አንድ ክሊክ 8 ዶላር ነው፣ ከ10 ክሊክ አንድ ደንበኛ ተገኘ፣ ያ ደንበኛ 80 ዶላር ፈጀ ማለት ነው፣ አንዴ ብቻ አስጸድቶ ከጠፋ ትርፍ የለውም ማለት ይቻላል፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚያስጸዳ ከሆነ ግን በጣም ርካሽ ነው። ስልክ የሚያነሳ ሰው በሌለበት ሰዓትም አታስወጡት፣ እኛ እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን ስለሆንን ማስታወቂያው እስከ እኩለ ቀን ዝግ ነው።

ማስታወቂያውን የሚያስተዳድርልኝ ኤጀንሲ ልቅጠር ወይ ለምትሉ፣ ጊዜ ከሌላችሁ ቅጠሩ፣ ግን አካውንቱ በራሳችሁ ኢሜይልና በራሳችሁ ካርድ ይከፈትና እነሱ በማኔጀር አካውንት (የብዙ ደንበኛ አካውንት ከአንድ ቦታ በሚያስተዳድሩበት) አክሰስ ይሰጣቸው። አንድ የሊሞ ስራ ያለው ወዳጄ አካውንቱ በኤጀንሲው ስም ስለነበር ሲለያዩ የሰበሰበው ኔጋቲቭ ዝርዝርም ሪፖርቱም እዛው ቀረበት፣ እንደገና ከዜሮ ጀመረ፣ ይሄ በጣም ነው ያናደደኝ። ክፍያቸው ከምታወጡት ማስታወቂያ ላይ በፐርሰንት ከሆነም በጀት ጨምሩ ሲሏችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ ቼንጅ ሂስትሪ የሚለውን ከፍታችሁም ወሩን ሙሉ ምን እንደነኩ እዩ፣ ባዶ ከሆነ የምትከፍሉት በከንቱ ነው።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት በነዚህ ቀድመው በተሞሉ ሴቲንጎችና ሪኮመንዴሽን በሚለው ገጽ ምክንያት ነው፣ በጀት ጨምሩ፣ ብሮድ ማች አድርጉ የሚሉ ሀሳቦች ይደረደሩበታል፣ ኦፕቲማይዜሽን ስኮር የሚለው፣ ጎግል ለሴቲንጋችሁ የሚሰጠው ቁጥር ዝቅ ብሎ ስታዩት ያጠፋችሁ ይመስላል፣ ግን ሀሳቡን ዲስሚስ (አልፈልግም) ብትሉትም ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ የቢዝነሳችሁን ትርፍ የሚለካ ነገር አይደለም። አውቶ አፕላይ የሚለውን ደሞ ዛሬውኑ ገብታችሁ እዩት፣ ክፍት ከሆነ ጎግል እነዚህን ሀሳቦች እናንተን ሳይጠይቅ ነው የሚተገብራቸው።