«ተከራይ ያለበት ቤት» ብለው ከሚሸጡ ሰዎች ተጠንቀቁ፣ ኪራዩ የውሸት ነው

አከራይቼ ገቢ አገኛለሁ ብላችሁ የመጀመሪያ ቤታችሁን ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ሴልሶቹ «ተከራይ ያለበት ነው፣ ከፈረማችሁበት ቀን ጀምሮ ገቢ ነው» ካሏችሁ ይሄን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ የፊደል ስህተት ካለ እለፉት።

ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ ብዙ አላወራም። መጀመሪያ ስልክ፣ ከዛ ብሮሸር፣ ከዛ ኤክሴል ላይ የተሰራ የ10 ዓመት ገቢ፣ ከዛ «ዛሬ ካልያዝሽው ነገ ሌላ ሰው ይፈርምበታል» ምናምን። እህቴ እህቴ ማለት ነው በቃ። ጀማሪ መሆናችሁን ካወቁ ደግሞ «ባዶ ቤት ገዝተሽ ተከራይ ፍለጋ ለምን ትንከራተቻለሽ፣ ይሄ ያለቀለት ነገር ነው» ይላሉ። ጀማሪን የሚያስፈራው ደግሞ እሱው ነው፣ ቤቱ ባዶ ቢቀርስ የሚለው፣ አንድ ወር ብቻ ባዶ ሲቀር እኮ ከዓመቱ ኪራይ 8 በመቶ በላይ ሄደ ማለት ነው። ፍርሃታችንን አጥንተው ነው የሚመጡት።

እኔ ዝም ብዬ አልገዛሁም። የባለቤትነት ሰነዱን አስመርምሬያለሁ፣ እዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጫለሁ፣ መሐንዲስ ወስጄ ቧንቧውንም ኤሌክትሪኩንም አሳይቻለሁ፣ የኪራይ ውሉን መስመር በመስመር አንብቤያለሁ፣ ኪራዩ በየወሩ መግባቱን የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንት ጠይቄ ሰጥተውኛል። ሁሉም ትክክለኛ ወረቀት ነበር፣ አንድም ፎርጅድ የለበትም። የማስጠነቅቃችሁም ለዚህ ነው።

ስሙ ዞሮልኝ የመጀመሪያው የኪራይ ቀን ሲደርስ ገንዘቡ ጎድሎ ገባ። ሲሶው የለም። ተከራዩ ልጅ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ቤቱ ሄድኩ፣ በትህትና አስገብቶ ሶፋው ላይ አስቀመጠኝ፣ «ውሉ ላይ ያለው እኮ ከዚህ ይበልጣል» ስለው ግራ ገብቶት ዝም ብሎ አየኝ። ከዛ «ቅናሹ ቀረ እንዴ?» አለኝ።

የምን ቅናሽ?

ስልኩን አወጣና የባንኩን አፕ ከፈተ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ከላይ ወደ ታች ያሳየኝ ጀመር። በወሩ መጀመሪያ ሙሉው ኪራይ ቤቱን ወደሸጠልኝ ድርጅት አካውንት ይወጣል፣ እዛው ቀን ከሌላ ግለሰብ አካውንት ሲሶው ተመልሶ ለሱ ይገባል። ቀጣዩም ወር እንደዛው። ከዛ በፊት ያለውም። ይወጣል ይመለሳል፣ ይወጣል ይመለሳል። እኔ ያየሁት ስቴትመንት ላይ የድርጅቱ አካውንት ብቻ ስለነበር የሚመለሰው በየት በኩል ይታየኛል? ልጁ ቀስ ብሎ «ውሉን በዚህ ቁጥር ፈርም፣ ለቢሮ አሰራር ነው፣ አንተ የምትከፍለው እንደ ሌላው ሰው ነው አሉኝ፣ ቤቱ ሲሸጥም አዲሷ ባለቤት ሁሉንም ታውቃለች ብለውኛል፣ እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ ነው ተመላሹን ቀንሼ የላክሁት» አለኝ። እሱ ላይ አልፈርድም፣ ቤት የሚፈልግ ሰው ነው፣ ያሉትን ፈረመ። ግን እዛ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ እነዛን ቁጥሮች ሳይ የተሰማኝን ነገር ለማንም አልመኝም። ቤቱን ሊያሳየኝ የመጣው ሴልስ እዛው ሶፋ ላይ ከልጁ ጋር ተቀምጦ እየሳቀ «ምርጥ ተከራይ ነው፣ አንድ ቀን አዘግይቶ አያውቅም» ብሎኝ ነበር እኮ!

ለምን እንደሚያዋጣቸው ስታዩ ደግሞ ይብሳል። የሚከራይ ቤት ዋጋ የሚነገራችሁ በኪራዩ ተሰልቶ ነው። ቤቱ 100 ነው እንበል፣ ኪራዩ በዓመት 9 ነው፣ ስለዚህ 9 በመቶ ያስገኛል ተብሎ ተሸጠልኝ። እውነተኛው ኪራይ 6 ነው። በዛው በ9 በመቶ ስሌት 6 የሚያስገባ ቤት ዋጋው 67 ቢሆን ነው፣ ማለትም የከፈልኩት 33ቱ አየር ላይ ነው። እነሱ ደግሞ ለዓመት ሙሉ ለተከራዩ ቢመልሱ የሚያወጡት 3 ብቻ ነው። 3 አውጥተው 33 ይዘው ሄዱ።

ከ6ቱም ሁሉም አይተርፍም። አንድ ወር ባዶ ቢቀር 0.5 ሄደ። ለጥገና ብዙ ሰው በዓመት የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ ያስቀምጣል፣ አንድ ሄደ። የሚያስተዳድርላችሁ ሰው ከቀጠራችሁ ከኪራዩ ላይ ይቆርጣል። የህንጻው የጋራ መዋጮ፣ ኢንሹራንስ፣ ግብር ሳይነካ 4 አካባቢ ናችሁ። በብድር የገዛ ሰው ወለዱ ከዛ ከበለጠ በየወሩ ከደሞዙ እየጨመረ ነው ቤቱን የሚያኖረው። ኤክሴላቸው ላይ ይሄ አንዱም የለም፣ 9ን በ10 ዓመት አባዝተው ነው ያሳዩኝ።

ቢሮአቸው ሄድኩ። ያ እህቴ ሲለኝ የነበረው ልጅ ከሩቅ አይቶኝ ወደ ውስጥ ገባ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ቀና ሳትል «ቀጠሮ አለሽ?» አለችኝ። ስፈርም ቡና ያቀረበችልኝ እሷ ናት። ብዙ ካስጠበቁኝ በኋላ ማናጀሩ አስገባኝ፣ ቁጭ በይ እንኳን አላለኝም። ስክሪንሾቶቹን ሳሳየው ስልኬን ሳይነካ የሽያጭ ውሉን ከፋይል አወጣና በእስክሪብቶ አንድ አንቀጽ ላይ መታ መታ አደረገ። ሻጭ ስለ ወደፊት ገቢ ዋስትና አይሰጥም ይላል። አንብቤዋለሁ እኮ፣ ወደፊት ይላል፣ እኔ የማወራው ስላለፈው ነው፣ ስትሸጡልኝ ኪራዩ ይሄ ነው ብላችሁ ውል አሳይታችሁኛል አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሴትዮ፣ ኪራይ አልሸጥንልሽም፣ ግድግዳ ነው የሸጥንልሽ።» ጎኑ ያለው ሰውዬ ሳቀ። ዲፖዚቱስ ስል፣ ተከራዩ የሁለት ወር አስይዞ ነበር፣ እሱም አልተላለፈልኝም፣ «ከዋጋው ጋር ታስቧል» አለኝ። የት ነው የታሰበው? በብዙ አገር ቤቱ ሲሸጥ የኪራይ ውሉም ዲፖዚቱን የመመለስ ግዴታውም ወደ ገዢው ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ልጁ ሲለቅ እነሱ የበሉትን እኔ ነኝ የምከፍለው። እያወራሁ ስልኩ ጠራ፣ አነሳው፣ እኔ ፊቱ ቆሜ ለሌላ ሰው «አዎ እህቴ፣ ተከራይ ያለበት ነው፣ ያለቀለት ነገር ነው» እያለ በእጁ በሩን አሳየኝ።

ያቺ ስልክ ላይ ያለችው ሴት ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። አላውቃትም፣ ቁጥሯን አላገኝም፣ ምናልባት ይሄን ታነብ ይሆናል።

እህቴ፣ ተከራዩን ሴልሱ በሌለበት ለብቻው አግኚው። ከኪስህ በወር ስንት ነው የሚወጣው፣ የሚመለስልህ ነገር አለ፣ በነጻ የተሰጠህ ወር አለ፣ ስንት አስይዘሃል ብለሽ ጠይቂውና መልሱን በፊርማው ተቀበዪ፣ ሻጩ ይሄን ከከለከለሽ ተይው። እዛው ህንጻ ላይ ተመሳሳይ ቤት የተከራዩ ጎረቤቶችንም ጠይቂ፣ እኔ በኋላ ስጠይቅ ሁሉም የሚከፍሉት ያንኑ 6ቱን ነው። ዲፖዚቱ ከመጨረሻው ክፍያሽ ላይ ተቀናሽ መሆኑ ውሉ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ።

እኔ ጉዳዩን ጠበቃ ይዞታል፣ ልጁም ስክሪንሾቶቹን ልኮልኝ ለመመስከር ፈቃደኛ ነኝ ብሏል። በዚህ መንገድ የተሸጠላችሁ ካላችሁ ተከራያችሁን ዛሬውኑ ጠይቁትና በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ብዙ ከሆንን አብረን እንከሳለን።