ለረጅም ሰዓት ውድድር ርካሽ መኪና፦ ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ቮልስ ወይስ ቪትዝ?

ጓደኛሞች ተሰብስበው «አንድ አሮጌ መኪና ገዝተን ለረጅም ሰዓት ውድድር እናዘጋጅ» ሲሉ ወሬው ወዲያው ፍጥነት ላይ ይወድቃል። እኔ ፍጥነትን ከሙቀት፣ ከመለዋወጫና ከፍሬን ቀጥሎ አራተኛ ላይ ነው የማስቀምጠው። ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ዙር 2 ደቂቃ ቢፈጅ በ6 ሰዓት 180 ዙር ትነዳላችሁ። በየዙሩ ከሌላው 5 ሰከንድ ብትፈጥኑ ጠቅላላ ትርፋችሁ 15 ደቂቃ ነው። በ15 ደቂቃ ደግሞ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) አይቀየርም።

ስለዚህ የገዢው ጥያቄ ሌላ ነው። እኛ ባለንባት ጅማ፣ እዚሁ ባለ መካኒክና እዚሁ በሚገኝ ዕቃ፣ የትኛው መኪና ነው ሳይቆም የሚዞረው?

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ «የ24 ሰዓት ሌመንስ» የሚባል የአማተሮች ውድድር አለ። መኪናው ከ500 ዶላር በላይ እንዲያወጣ አይፈቀድም። ብልሁ ደንባቸው ግን የሚከተለው ነው። የደህንነት ዕቃ፣ ፍሬንና ጎማ ከዚያ 500 ዶላር ውስጥ አይቆጠሩም። እኛም በጀታችንን እንደዚያ ብንከፍለው ይሻላል። የመኪናው ለብቻ፣ ነፍስ የሚያድነው ለብቻ።

ዋጋ በቁጥር አልጽፍም፤ ጠዋት የሰማችሁትን ደላላው ማታ ይቀይረዋል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ አሮጌውም ቢሆን ረክሶ አይገኝም። ከአራቱ ውዱ ቪትዝ ነው፣ ያውም በሰፊ ልዩነት። ሦስቱ ግን እንደ ይዞታቸው ናቸው። የቆመ ላዳ ወይም ሞተሩ የወረደ ዲኤክስ ከፈለጋችሁ ጥግ ጥጉን መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱን እንይ፤ ብዙውን መኪና ከውድድር የሚያስወጣው እሱ ነውና። ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ጎማዋ የደረቀች ክዳን ከሆነች ግን ስንት ብር የወጣበትን ሞተር ይዛ ትሄዳለች።

ዲኤክስ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ መጀመሪያ ቶዮታ ኮሮላ፣ 4ኬ የተባለው 1,290 ሲሲ ሞተር አለው። ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው ካቴና፣ ማለትም ሰንሰለት ስለሆነ ቺንጋ ይበጠስብኛል የሚል ስጋት የለም። ብሎኩ ብረት ነው፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። አንዴ ክፉኛ ከሞቀ ቴስታታው ይጣመማል። ራዲያተሩን አሳጥባችሁ፣ ክዳኑንና ቴርሞስታቱን አዲስ ካደረጋችሁ ግን ቀኑን ሙሉ ይዞራል።

ላዳ 2107 በ1.5 ሊትር ሞተሩ ከዲኤክስ ትንሽ ይበረታል፤ ክብደቱም ከ1,000 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። እሱም ባለ ካቴና ነው። ደካማ ጎኑ ካምሻፍቱ ነው። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረለት ይበላል። ስትገዙ የቴስታታውን ክዳን አስከፍታችሁ የካምሻፍቱን ጉብታዎች በጣታችሁ ዳስሱ። የተቦረቦረ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት። ከፊት እግሩ ግን ጠንካራ ነው፣ ጉድጓድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቪልኒየስ ውስጥ የተሠራው የላዳ ራሊ መኪና ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ቮልስ ራዲያተር የለውም፣ ስለዚህ የሚፈላ ውሃም የለውም። ደስ ይላል። ግን ሙቀቱን የሚያወርደው አየርና ዘይት ነው፤ ዘይቱ ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። የቬንትሌተሯ ቺንጋ ከተበጠሰች ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠበሳል። የጅማ ጭቃና አቧራ የሲሊንደሩን ክንፎች ከደፈነም መጨረሻው ያው ነው። የድሮዎቹ ላይ የኋላ እግሩ ኩርባ ላይ በኃይል ሲገባበት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መኪናውንም ከኋላ ያነሳዋል። ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ በሚካሄደው ባሃ 1000 ላይ ለቮልስ ብቻ የተለየ ምድብ አለ። ስለዚህ አይችልም አልልም። ጀማሪ ቡድን ግን ባይጀምርበት ይሻላል።

ቪትዝ፣ የመጀመሪያው ትውልድ፣ ነዳጁን በኮምፒውተር ስለሚለካ ከፍታውን ራሱ ያስተካክላል። ሌሎቹ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅሉት በካርቡሬተር ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። ጥላሸት ከለበሰ ጄቱን (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አነስ ማድረግ ነው። በዚህ በኩል ቪትዝ ይመራል። ችግሩ እኛ ጋ ያለው አብዛኛው ቪትዝ አውቶማቲክ መሆኑ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት መኪናው ለሰዓታት ሲነዳ ይቃጠላል፣ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ሴንሰር ሲታመም ደግሞ ሜዳ ላይ በካቻቢቴ የሚፈታ አይደለም።

መለዋወጫ ላይ ዲኤክስ ሁሉንም ይረታል። ጅማ ውስጥ የቶዮታ ዕቃ የሚይዝ ሱቅ አይጠፋም። የቶዮታ ላይትኤስ ሚኒባስ 5ኬ ሞተር የዚሁ የኬ ቤተሰብ ስለሆነ ዲኤክስ ላይ ብዙ ሳይቆራረጥ ይገባል፤ 1,486 ሲሲ ነው። የላዳ ዕቃ ከሆነ ግን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። ዛሬ ደውላችሁ ነገ በአውቶቡስ ይደርሳችኋል። ውድድሩ ዛሬ ከሆነ ግን አልደረሰም ማለት ነው።

የእኔ ምክር ይሄ ነው፦ አንድ ደህና መኪና ከመግዛት፣ ከተቻለ አንዱን የሚሄድ ሌላውን የማይሄድ አድርጋችሁ ሁለት ተመሳሳይ ግዙ። ሁለተኛው ቆሞ ዕቃ ይሰጣል። ይህ ዲኤክስና ላዳ ላይ ይቻላል። ቪትዝ ላይ አይታሰብም።

ፍሬን ላይ ቮልስ ወደኋላ ይቀራል፤ በአብዛኛው አራቱም እግሩ ከበሮ ነው። ሌሎቹ ብዙውን ጊዜ ከፊት ዲስክ አላቸው። የየትኛውንም ብትገዙ የፍሬን ዘይቱን አስቀይሩ። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም። ዓመታት የቆየ ዘይት ውሃ ስለሚጠጣ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይፈላል፤ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይወርዳል።

መኪናውን ከአዲስ አበባ ከገዛችሁና ቦሎው ካላለፈበት አስጭናችሁ አታምጡት። ዕቃና መካኒክ ይዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ አምጡት። ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ የሚወርደው ቁልቁለት ፍሬኑን ይፈትነዋል። ታች ስትደርሱ ጥግ ይዛችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጉ፤ አትንኩ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዟል። ከድልድዩ ወዲያ ወደ አበልቲ የሚወጣው ዳገት ደግሞ የራዲያተሩ ፈተና ነው። ዓይናችሁ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ። ያንን ዳገት መለኪያው ሳይወጣ የጨረሰ መኪና ገንዘባችሁን አልበላም።

አሮጌ ላሜራ ላይ ክሪክ አስገብታችሁ ወለሉንና የኋላ እግሩ የሚታሰርበትን ቦታ በካቻቢቴ ውጉት። ከበሳ ብየዳው ከመኪናው ይበልጣል። ዲኤክስ ዋናው በሽታው ዝገት ነው።

መኪናው ቢገለበጥ ነጂውን እንዲያድን ውስጡ የሚበየደውን የብረት ቀፎ በሚመለከት ብየዳ ቤት «የውሃ ቧንቧ አለ» ቢላችሁ እንዳትስማሙ። ቧንቧው ስፌት አለው፣ የተለበጠበት ዚንክም ሲበየድ ጭሱ ለበያጁ መርዝ ነው። የዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን ደንብ ከነጂው ጀርባ ለሚቆመው ዋናው ቅስት ስፌት የሌለው፣ 45 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ወይም 50 በ2 የሆነ ብረት ይጠይቃል። ሄልሜት፣ ትክክለኛ ቀበቶ፣ እሳት ማጥፊያና ባትሪውን ከውጭ የሚያጠፋ ማብሪያም ሳይሟሉ ልምምድ አይጀመርም። ልምምዱም በፈቃድ በተዘጋ ሜዳ እንጂ አጋሮ መንገድ ላይ አይደለም።

እኔ ብገዛ ዲኤክስ እገዛለሁ፤ ማርሹ በእጅ፣ ሞተሩ ደካማም ቢሆን ወለሉ ያልዛገ። ከመካከላችሁ ላዳ ሲፈታ ሲገጥም ያደገ ሰው ካለ ላዳ ውሰዱ። ለእናንተ እሱ ይሻላል። ቪትዝ የሚያዋጣው ከቡድኑ አንዱ ተጋጭቶ የቆመበት ባለ እጅ ማርሽ ቪትዝ ካለው ብቻ ነው። ቮልሱን ለሠርግ ተዉት።

ሊብሬውን ደግሞ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር አመሳክሩ። ቀፎ የተበየደበት መኪና ለቦሎ ምርመራ ቢቀርብ ሊያስቸግር ስለሚችል፣ ቦሎው ያለፈበትን ርካሽ መኪና ገዝቶ ለሜዳ ብቻ ማዋል ያዋጣል።