የኒው ዚላንድ ወይን፦ አገሩን ሳይሆን ቦታውን ምረጡ

ሱቅ ገብታችሁ የኒው ዚላንድ ወይን ብትፈልጉ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ነጭ ነው። ሶቪኞን ብላን ከሚባለው የወይን ፍሬ የተሠራ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ማርልቦሮ» የሚል ተጽፎበታል። ብዙ ሰው እሱን ይቀምስና ወይ ይወደዋል ወይ ፊቱን ያጨማድዳል። ከዚያ በኋላ የአገሩን ወይን በሙሉ በዚያ አንድ ጠርሙስ ይመዝናል። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ከዚያው አገር ለክትፎ የሚሆን ቀይ፣ ዶሮ ወጥን የሚችል ነጭ ይወጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽረው ቦታን ከቦታ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኒው ዚላንድ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሆነች ብርዱ የሚጨምረው ወደ ደቡብ ሲኬድ ነው። ሰሜኑ ሞቅ ይላል። አገሪቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ግን ቀጭን ናት። ከባሕር ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ቦታ የላትም። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ፍሬውም ቀስ ብሎ ይበስላል። ቀስ ብሎ የበሰለ ፍሬ ደግሞ ኮምጣጣነቱን ቶሎ አይጥልም። ያ ምራቅ የሚያስመጣ ጣዕም የሚመጣው ከዚህ ነው። እንደ አክሱማይት ያለ ጣፋጭ ወይን የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ሊከብደው ይችላል። ከምግብ ጋር ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሶቪኞን ብላን፦ ዋይራው ወይስ አዋቴሬ?

ማርልቦሮ የሚገኘው በደቡቡ ደሴት ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነው። ከአገሪቱ የወይን ማሳ ከሦስት ሁለት እጁ በላይ ያለው እዚያ ነው። ታሪኩ ግን አጭር ነው። ትልልቁ የወይን ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ክላውዲ ቤይ የተባለው ወይን ጠማቂ በ1985 ከተቋቋመ በኋላ ደግሞ የለንደንና የሲድኒ ጠጪዎች ስሙን ያዙት።

ማርልቦሮ ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ሸለቆዎች አሉ። ዋይራው ሰፊ ነው፤ ሞቅ ይላል፤ መሬቱ ወንዝ ያመጣው ጠጠርና ደለል ነው። ከዚያ የሚወጣው ሶቪኞን ፓሽን ፍሩት፣ ዘይቱና፣ ግሬፕፍሩት ይሸታል። አፍ ይሞላል። አዋቴሬ ከዋይራው በስተደቡብ ነው። ይበልጥ ይበርዳል፣ ይደርቃል፣ ነፋስ ይበዛበታል። ወይኑም ቀጠን ይላል፤ የቲማቲም ቅጠል፣ የታጨደ ሣር፣ የቃሪያ ሽታ አለው። የቃሪያ ሽታ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ቃሪያን ቃሪያ የሚያሸተው ንጥረ ነገር በወይኑ ፍሬ ውስጥም አለ። ብርድ ባለበት ደግሞ ይቆያል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ ዋይራውን ያዙ። ፍሬው ስለሚጎላ በቶሎ ይለመዳል። ስንግ ቃሪያ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሰላጣ ገበታው ላይ ካለ ግን እኔ ያለ ጥርጥር አዋቴሬን እመርጣለሁ። ቃሪያው ከቃሪያው ጋር ይስማማል። ችግሩ ብዙ ጠርሙሶች የሁለቱን ሸለቆ ወይን ቀላቅለው «ማርልቦሮ» ብቻ ማለታቸው ነው። የሸለቆውን ስም የምታገኙት ብዙ ጊዜ የጀርባው ጽሑፍ ላይ ነው።

እዚያው ጀርባው ላይ ሌላም ነገር እዩ፤ የት እንደታሸገ። ብዙ የማርልቦሮ ሶቪኞን በትልልቅ መያዣ ተጭኖ ወደ ውጭ ይሄድና ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው በገዢው አገር ነው። ይህ ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ግን ዋጋው ዝቅ ማለት አለበት። በአገሪቱ ሕግ መሠረት ወደ ውጭ የሚላክ ጠርሙስ ላይ የቦታ ስም ከተጻፈ ከወይኑ ቢያንስ 85 በመቶው ከዚያ ቦታ መምጣት አለበት። በ2018 የተጀመረው «አፔላሲዮን ማርልቦሮ ዋይን» የተባለው ምልክት ደግሞ ከዚህ ጠበቅ ያለ ነው። ወይኑ በሙሉ ከማርልቦሮ ፍሬ የተሠራና እዚያው ኒው ዚላንድ ውስጥ የታሸገ መሆን አለበት። ሁለት ጠርሙሶች ዋጋቸው እኩል ከሆነ ምልክቱ ያለበትን አንሡ። አሜሪካ ውስጥ ከ12 እስከ 20 ዶላር ድረስ ጥሩ ነገር ይገኛል። ከዚያ በላይ መክፈል ለዚህ ወይን ግድ አይደለም።

ዓመቱንም ተመልከቱ። ሶቪኞን ለማቆየት አይገዛም። ከተለቀመ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ መጠጣት አለበት። እዚያ ወይን የሚለቀመው በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ዓመት ከተጻፈበት የፈረንሳይ ወይን በግማሽ ዓመት ያህል ይቀድማል።

ቡሽ የለውም ብላችሁ ደግሞ አትለፉት። በእኛ ዘንድ የሚጠመዘዝ ክዳን የርካሽ ወይን ምልክት ሆኖ ይታያል። እንግዳ ፊት ለማቅረብ የሚያፍር ሰው አውቃለሁ። የኒው ዚላንድ ወይን ሰሪዎች ግን በ2001 ተሰባስበው ወደዚህ ክዳን የዞሩት ለወይኑ ብለው ነው። የተበላሸ ቡሽ ጥሩውን ወይን እርጥብ ካርቶን እንዲሸት ያደርገዋል። ዛሬ በጣም ውድ የሆኑት ጠርሙሶቻቸው ሳይቀሩ አብዛኞቹ የሚዘጉት በሚጠመዘዝ ክዳን ነው።

ፒኖ ኗር፦ ሴንትራል ኦታጎ ወይስ ማርቲንቦሮ?

ልቤ ያለው እዚህ ነው። ፒኖ ኗር ቀይ ወይን የሚወጣበት አስቸጋሪ ፍሬ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ማርማላታ ይሆናል፤ ብርድ ሲበዛበት ቀጥኖ ይቀራል። ኒው ዚላንድ የሚስማማውን ቦታ ሁለት ጊዜ አግኝታለታለች። ሁለቱ ግን አይመሳሰሉም።

ሴንትራል ኦታጎ ከዓለም ደቡባዊ የወይን አካባቢዎች አንዱ ነው። በ45ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ፣ በተራሮች መካከል ነው ያለው። ተራሮቹ የባሕሩን እርጥበት ይከለክላሉ። በጋው ቀን ላይ ያቃጥላል፤ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ውርጭም አለ፤ አንዳንድ ገበሬዎች ውርጩን ለመከላከል ሄሊኮፕተር አስነሥተው ከላይ ያለውን ሞቃት አየር ወደ ማሳው ይገፋሉ። ተራራው ላይ ጦስኝ በዱር በቅሎ ይታያል። ወይኑ ውስጥም እሱን የመሰለ ሽታ አገኛለሁ። ቀለሙ ለፒኖ ጠቆር ያለ ነው። የበሰለ ቼሪና ፕለም ፊት ለፊት ይመጣል። ጠርሙሱ ላይ ባኖክበርን የሚለውን የቦታ ስም ካያችሁ ሞቅ ያለውና ወፈር ያለው ነው። ጊብስተን ከፍ ያለና የበረደ ስለሆነ ወይኑ ቀለል ይላል።

ማርቲንቦሮ በሰሜኑ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ፣ ከዋና ከተማዋ ከዌሊንግተን በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ምርቷ ትንሽ ነው። ነፋሱ አበባውን ስለሚያራግፈው ዘለላው ያንሳል፤ ያነሰው ግን ይጠነክራል። እዚህ ፍሬው ወደ ኋላ ይቀመጣል። እንጉዳይ፣ እርጥብ አፈር፣ ቅመም ይሸታል። በሁለተኛው ብርጭቆ የሚገለጥ ዓይነት ወይን ነው።

ስለ ማርቲንቦሮ አንድ ታሪክ ሁልጊዜ ይነገራል። አንድ መንገደኛ ከፈረንሳዩ የወይን አካባቢ ከቡርጎኝ፣ ከታዋቂ ማሳ ላይ የወይን ቅርንጫፍ ቆርጦ በጎማ ቦት ጫማ ውስጥ ደብቆ በ1970ዎቹ ኦክላንድ ይደርሳል። የያዘው የጉምሩክ ሠራተኛ ማልኮም ኤብል ራሱ ወይን አብቃይ ነበር። ቅርንጫፉን ከማቃጠል ይልቅ ወደ መንግሥት የእፅዋት ማቆያ ላከው። በኋላም ቅርንጫፉ ማርቲንቦሮ ውስጥ አታ ራንጊ በተባለው ማሳ ተተከለ። ዝርያው እስከ ዛሬ «ኤብል» ይባላል።

የትኛውን ልግዛ ካላችሁ፣ ቀይ ወይን ስትሉ ጉደርን ወይም ካበርኔን የምታስቡ ከሆነ ሴንትራል ኦታጎ ይቀርባችኋል። ማርቲንቦሮ ቀጠን ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ቀስ ብሎ መጠጣት፣ ማሽተት፣ ማውራት የምትወዱ ከሆነ ግን ማርቲንቦሮን አትለፉ። እኔ ለራሴ የምገዛው እሱን ነው። ሁለቱም ርካሽ አይደሉም፤ አሜሪካ ውስጥ ከ25 ዶላር በታች ጥሩውን ማግኘት ይከብዳል። ለክትፎ ሁለቱም ይሆናሉ። ፒኖ አፍ የሚያደርቀው ታኒን ስለሚያንሰው ከቅቤውና ከሚጥሚጣው ጋር አይጣላም። ግን እባካችሁ ከማዕድ ቤት ሙቀት አውጥታችሁ አታቅርቡት። ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ።

ከፒኖ ጠንከር ያለ ቀይ ከፈለጋችሁ

ወደ ሆክስ ቤይ ሂዱ። በሰሜኑ ደሴት ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ነው። ንጋሩሮሮ የሚባለው ወንዝ በ1867 በደረሰ ጎርፍ አቅጣጫውን ቀየረና ባዶ ጠጠር ትቶ ሄደ። ከመቶ ዓመት በላይ ለምንም የማይሆን መሬት ይባል ነበር። ጠጠሩ ግን የቀን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይመልሳል፤ ይህም ለቀይ ወይን ተስማማ። ዛሬ ጊምብሌት ግራቭልስ የሚባለው ይህ 800 ሄክታር ገደማ የሆነ መሬት ነው። ከዚያ የሚወጣው ሲራ የተባለው ቀይ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። የአውስትራሊያን ሺራዝ ወፍራምነት ጠብቃችሁ አትግዙት፤ ፍሬው አንድ ቢሆንም ይህ ቀለል ያለና ቅመማም ነው። ለጥብስ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ከኦክላንድ በጀልባ የሚደረስባት የዋይሂኪ ደሴትም ጥሩ ቀይ ታወጣለች። ግን ትንሽ ስለሆነች ዋጋዋ ይወደዳል። በዚያ ገንዘብ ከሆክስ ቤይ የተሻለ ታገኛላችሁ።

ሻርዶኔ የተባለውን ነጭ የምትወዱ ከሆነ ምርጫው በጊዝቦርንና በኩሜዩ መካከል ነው። ጊዝቦርን ለስለስ ያለና ኮክ የሚሸት፣ ዋጋውም የማይጎዳ ነው። ከኦክላንድ አጠገብ ባለው ኩሜዩ ያለው ወይን ጠማቂ ኩሜዩ ሪቨር የሚያወጣው ግን ቡርጎኝን ከሚያህሉ ጋር የሚቆም ወይን ነው። ልዩ ቀን ካለ እሱ ይሁን።

ለበርበሬ ምግብ፦ ሶቪኞን ወይስ ሪስሊንግ?

አልኮሉ የበዛና ታኒኑ የጠነከረ ወይን በርበሬውን ያባብሰዋል፤ አፍ ይነድዳል። ድራይ፣ ማለትም ስኳር ያልቀረበት ሶቪኞን ደግሞ ከጎመንና ከዓሣ ጋር ጥሩ ነው እንጂ ቁሌቱ የበዛበት ወጥ ፊት ኮምጣጣነቱ ብቻውን ይቀራል። ለዶሮ ወጥ የምመክረው ከኖርዝ ካንተርበሪ፣ በተለይ ዋይፓራ ከሚባለው ቦታ የሚመጣ ሪስሊንግ የተባለ ነጭ ነው። ትንሽ ስኳር የቀረበትን ፈልጉ። ስኳሩ በርበሬውን ያረግበዋል፤ ኮምጣጣነቱ ቅቤውን ይቆርጠዋል።

ስኳር እንዳለው እንዴት ይታወቃል? አንዳንድ ጠርሙሶች ጀርባ ላይ ከድራይ እስከ ጣፋጭ የሚያሳይ መስመር አለ። ምልክቱ መሐል አካባቢ ያረፈበትን ያዙ። መስመሩ ከሌለ አልኮሉን እዩ። 10 ወይም 11 በመቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ ስኳር ቀርቶበታል። ሁለት ሰዓት ፍሪጅ አቆዩትና ዶሮው ሲቀርብ ክፈቱት።