ዓሳው ፊታችሁ ሳይመዘን አትዘዙ

ለደርሶ መልስ ወደ ባህር ጠረፍ ከተማ የምትሄዱ፣ ውሃው ዳር ከተደረደሩት ሬስቶራንቶች ከመቀመጣችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። ሁሉም አጭበርባሪ ነው አልልም። ግን እዚያ አካባቢ የተለመደ አሠራር አለ። ወረቀት ላይ ሕጋዊ ይመስላል፣ ኪስ ግን ያራቁታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜኑው ላይ የሌላው ምግብ ዋጋ በሰሃን ተጽፏል። ሙሉ ዓሳውና ሎብስተሩ ጋ ስትደርሱ ቁጥሩ ከሌላው ጋር ይቀራረባል፤ እንዲያውም ረከስ ይላል። ከሥሩ ግን በደቃቅ ፊደል «ለ100 ግራም» የምትል አለች። አንድ ሙሉ ዓሳ ከነጭንቅላቱ ከነአጥንቱ በቀላሉ 800 ግራም ወይም አንድ ኪሎ ይመጣል። ያችን ቁጥር በስምንት ወይም በአስር አባዟት እንግዲህ። የሚመዘነውም ጥሬው ነው፤ ሲጸዳና ሲበስል የሚቀንሰው በእናንተ ሂሳብ ነው።

አንዳንዱ ቤት ቁጥር መጻፉንም ትቶ «የዕለቱ ዋጋ» ብሎ ያልፈዋል። የባህር ምግብ ዋጋ በየቀኑ መለዋወጡ እውነት ነው። ባህሩ ሲናወጥ ጀልባ አይወጣም። ነገር ግን ዓሳውን የገዛ ሰው የዛሬውን ዋጋ ያውቀዋል። ተጠይቆ ከተሸፋፈነ፣ የናንተን ሁኔታ አይቶ ሊቆርጥ ነው።

ባለፈው አጠገባችን የተቀመጡ ጥንዶች ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አስተናጋጁ በረዶ የተነጠፈበት ትሪ ይዞ መጣ። ሚስትየው ትንሹን ዓሳ ጠቆመች። «ይሄ ለሁለት ሰው አይበቃችሁም» አለና ትልቁን አንስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሚዛን የለ፣ ዋጋ የለ። ሂሳቡ ሲመጣ ባልየው ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ያላዘዙት ዳቦና የወይራ ፍሬ ሳይቀር ገብቶበታል። «ኪሎው ስንት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ዓሳው ተበልቷል፣ በምን ይመዘን? አስተናጋጁ ዓይኑን በጨው ያጠበ ነው፣ ቆሞ ይጠብቃል። ሰውየው ሰው ፊት መጨቃጨቁን ጠልቶ ከፈለ።

ደንበኛው ማታ አውቶቡሱን ወይም ጀልባውን ይዞ ይሄዳል፤ ዳግመኛም አይመጣም። ባለቤቱ ምን ያስጨንቀዋል? ስለዚህ ይሉኝታችሁን ቤት ትታችሁ ሂዱ። «ፊቴ ይመዘን፣ ጠቅላላ ዋጋውንም ጻፍልኝ» በሉ። ደህና ቤት በዚህ አይቀየምም። የሜኑውን ገጽም በስልካችሁ አንሱት። ያላዘዛችሁት ነገር ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ፣ ነጻ መሆኑን ሳትጠይቁ አትንኩት።

ሌላው ሽወዳ ዓሳው ራሱ ነው። ኦሺያና የተባለው የባህር ጥበቃ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ከሬስቶራንትና ከሱቅ ከሰበሰባቸው 1,215 ናሙናዎች አንድ ሦስተኛው ስማቸው ሌላ፣ ዓሳው ሌላ ሆኖ ተገኝቷል። ሬድ ስናፐር በሚባለው የዓሳ ዓይነት ስም ከተሸጡት 120 ናሙናዎች እውነተኛዎቹ ሰባት ብቻ ነበሩ። ተቆራርጦ ሶስ የፈሰሰበትን ዓሳ ማን ይለየዋል? ሙሉውን አሳዩኝ በሉ። ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ይሁን። ጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ግለጡት፤ ውስጡ ቀይ ካልሆነ፣ ቡናማ ከሆነ፣ ተዉት። ሥጋውን በጣት ጫን ስትሉት ተመልሶ መነሳት አለበት።

በረዶ ቤት የቆየ ዓሳ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ባህሩ ላይ እንደተያዘ የቀዘቀዘ ዓሳ፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ «ትኩስ» ይሻላል። የሚያናድደው በትኩስ ዋጋ መሸጡ ነው። ቱናና ማኬሬል የሚባሉት ዓሳዎች ላይ ግን ጥንቃቄ ይኑራችሁ። ቅዝቃዜያቸው ካልተጠበቀ ሂስታሚን የሚባል የሚያሳምም ነገር ይፈጠርባቸዋል፣ ምግብ ማብሰልም አያጠፋውም። ስትቀምሱት አፋችሁን እንደ በርበሬ ካቃጠላችሁ አቁሙ።

ታዲያ የት ይበላ? በር ላይ ቆሞ እጃችሁን የሚጎትት ሰው ያለበትን ቤት እለፉት። በስድስት ቋንቋ የተጻፈ፣ ስልሳ ዓይነት ምግብ የያዘ ሜኑም ምልክት ነው። ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ያለበት ቤት ፍሪዘሩ ትልቅ ነው። ሁለት ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ በሉ። ከተማዋ የዓሳ ገበያ ካላት በጠዋት ሄዳችሁ ሻጮቹን «እናንተ ምሳ የት ትበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ኮከብ እኔ ብዙም አላምነውም፣ ይገዛል። ተመጋቢዎች የለጠፉትን የሂሳብ ደረሰኝ ፎቶ ግን ፈልጋችሁ እዩ፤ ዝርዝሩ እዚያ አለ።

ሂሳቡ ካልገባችሁ ከጠረጴዛው ሳትነሱ በዝርዝር ይጻፍልን በሉ፣ ከተቻለም በካርድ ክፈሉ። እምቢ ካሉ የሸማቾች ቢሮ ወይም ፖሊስ ጋ የምትደውሉት እዚያው ተቀምጣችሁ፣ ሜኑው እጃችሁ ላይ እያለ ነው።