የብርጭቆ ዶቃ፦ ከሰባት ወር በኋላ

ኮምቦልቻ ባለችው ጋራዤ ከሥራው ግማሹ የባጃጅ ሞተር ነው። ጥር ላይ የብላስት ሳጥን፣ ማለትም ዕቃ አስገብተን በአየር ግፊት ፍርፋሪ እየነፋን የምናጸዳበት ሳጥን፣ እና የሚነፋ 25 ኪሎ የብርጭቆ ዶቃ ገዛሁ። ዶቃ ስላችሁ የአንገት እንዳይመስላችሁ፤ ደቃቅ ስኳር የሚያህል ድቡልቡል ብርጭቆ ነው።

ድሮ የምነፋው የወንዝ አሸዋ ነበር። ብናኙ ሳንባ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን በሽታ ያመጣል። ያስጣለኝ አዲስ አበባ አውሮፕላን የሚጠግነው የአክስቴ ልጅ ነው። እነሱ ጋ ምርጫው እንደ ዕቃው ነው፦ ከስስ አሉሚኒየም ላይ ቀለም ለመላጥ የፕላስቲክ ፍርፋሪ፣ ለጥላሸት የዋልነት ቅርፊት። የብረት ፍንጣሪ አሉሚኒየም ላይ አያስነኩም፤ ተሰክቶ ይቀርና አሉሚኒየሙን ያስበላል።

ዶቃው ለእኔ ቴስታታ (ለሞተሩ የላይኛው ክፍል) ልክ ነው። በ50 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ጥላሸቱ ይለቃል፤ አሉሚኒየሙ ነጣ ብሎ ይወጣል፣ አይበላም። አሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚባለውን ጠንካራ ፍርፋሪም ሞክሬ ነበር። ይፈጥናል፤ ግን ጋስኬት (ማሸጊያው) የሚያርፍበትን ፊት ሻካራ አደረገብኝ። አሁን ለዛገ ብረት ብቻ ነው የማወጣው።

መጋቢት ላይ ጉድ ሆንኩ። አንዱን ቴስታታ ነፍቼ፣ በአየር ብቻ አራግፌ ገጠምኩት። ባለቤቱ በአራተኛው ቀን ባጃጁን እያስገፋ መጣ። ስፈታው የካምሻፍቱ (ቫልቭ የሚከፍተው ዘንግ) መቀመጫ በምላጭ የተቧጨረ ይመስላል። ዘይት መተላለፊያው ውስጥ ዶቃ ቀርቶ ነበር። ከኪሴ ከፈልኩ። አሁን ቀዳዳውን ሁሉ በጎማ ሳልደፍን አልነፋም። ከዚያ በሙቅ ውሃና ሳሙና አጥባለሁ፤ ሽቦም እሰዳለሁ።

ሌላም ተንኮል አለው። ዶቃ ስለሚቀጠቅጥ የስንጥቅን አፍ ይዘጋል። ስለዚህ ስንጥቅ የምፈልገው ከመንፋቴ በፊት ነው። ቅባቱን አጥቤ ነጭ ጋዝ እቀባለሁ፤ ጠርጌ ጠመኔ እነሰንስበታለሁ። ስንጥቅ ካለ ጠመኔው ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ይወጣል። የአክስቴ ልጅ ሳቀብኝ፤ እነሱ ለዚህ የራሱ ቀለም አላቸው። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ አፉ ከተዘጋ ቀለሙም አይገባም።

ክረምቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሐምሌን ሙሉ ዶቃው እየረጠበ ይጓጉል፣ የመንፊያውን አፍንጫ ይደፍን ነበር። የኮምፕረሰሩን ውሃ በየጠዋቱ ማፍሰስ ግድ ነው።

ዶቃውን ደግሜ እገዛለሁ። ሳጥኑን ግን እንጃ። የግራ ጓንቱ ተቀዷል። መስኮቱም በዶቃው ተፍቆ ጉም መስሏል፤ ሰሞኑን የምነፋው በግምት ነው።