የተጋጨች ማዝዳ ይዛችሁ "ትሠራ ወይስ ትቅር?" ለምትሉ፦ ለጋሼ ምስጋና፣ ለእናንተ ጥቆማ

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) እና አካባቢው ላላችሁ ወገኖች። የእህታችን የ2018 ቀይ ማዝዳ ሚያታ፣ ባለሁለት መቀመጫዋ ትንሽ ስፖርት መኪና፣ ተጋጭታ ነበር፤ አሁን ተሠርታ ወጥታለች። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ እጅዎ ይባረክ። የሠሯት ባለሙያ ስማቸው እንዲለጠፍ ስላልፈለጉ ሰው ሁሉ እንደሚጠራቸው ጋሼ ብለን እንቀጥላለን። ቀለሙ ማማሩን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። እኛ ይበልጥ የምናመሰግናቸው ግን መኪናዋ ትሠራ ወይስ ትቅርና የኢንሹራንሱ ገንዘብ ይወሰድ የሚለውን በዓይን ግምት ሳይሆን በልኬት ስለመለሱልን ነው። በዚህ ከተማ ጎበዝ ቀቢ አይጠፋም፤ "ይቺ አትሠራም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ" ብሎ የመጣለትን ሥራ የሚመልስ ነው የሚቸግረው።

ጉዳቱን በአጭሩ፦ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና የግራ የፊት ጥጓን መታት። ኮፈኑ ተጣጠፈ፣ የግራ ፓራፋንጎ ተጨማደደ፣ ባምፐሩና የግራ መብራቱ ተሰበሩ፣ ራዲያተሩና ከፊቱ ያለው የኤሲ ኮንደንሰር ተበሱ፣ የግራ የፊት ጎማ ወደ ኋላ ገባ። ኤርባግ አልፈነዳም። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልን፣ ዝቅ ብለን እንመለስባታለን።

ጋሼ ሳይፈቱ ዋጋ አይጠሩም። ኢንሹራንሱ በፎቶ የሚሠራው ግምት የሚያየው ውጩን ብቻ ነው። እሳቸው የባምፐሩን ፕላስቲክ አውልቀው መጀመሪያ የሚያዩት ከኋላው የተጋደመውን አሉሚኒየም ነው። እሱ በብሎን የታሰረና ለመጨማደድ የተሠራ ስለሆነ ቢጣመም አያስደነግጥም፤ ወጥቶ ይጣላል። ዋናው ጥያቄ ምቱ እሱን አልፎ ወደ ሻንሲው ገብቷል ወይ ነው። ምልክቱ ትንንሽ ነው፦ ላሜራ ከላሜራ በተጋጠመበት መስመር የተሰነጠቀ ማሸጊያ፣ በብየዳ ነጥቦች ዙሪያ የተላጠ ቀለም፣ በበሩና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠብቦ ከታች መስፋት። ባምፐሩን ሳያወልቅ "ሻንሲው ደህና ነው" የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ውጡ።

በአሮጌዎቹ ሚያታዎች፣ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በወጡት፣ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከወለሉ ሥር በቁመት የሚሄዱት ሁለት ቀጭን ብረቶች ተጨፍልቀው ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ ያ የግጭት ጉዳት አይደለም፤ ጎሚስታ ያለቦታው ጃክ ስላስገባ ነው። የማያውቅ ሰው ካየው "ሻንሲው ሄዷል" ብሎ ደህናውን መኪና ያስጥላችኋል።

ከዚያ ልኬት ይመጣል። የሞተሩ ክፍል ከፊት ግራ ጥግ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ ጥግ ወደ ኋላ ግራ በሰያፍ ተለክቶ ከፋብሪካው ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል። በሙያው በተለምዶ የሚታለፈው ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ነው። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በዚህ ሞዴል 2310 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ በግራ በኩል አጥሮ ተገኘ። እዚህ ላይ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ነው። ጋሼ ግን መኪናዋን አላይመንት ማሽን (የጎማዎቹን አቀማመጥ የሚለካው) ላይ አወጧትና ሁለት ቁጥር አነበቡ፤ አንዱ ካምበር፣ ማለትም ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የተጋደለበት መጠን፣ ሌላው መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ውስጥ ያዘነበለበት መጠን። ቁም ነገሩ የሁለቱ ድምር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ተዛብተው ድምራቸው ግራና ቀኝ እኩል ከሆነ፣ የታጠፈው ጎማውን የሚይዘው አርም ነው፣ ወይም አርሙ የታሰረበት ቦታ ከነቦታው ተንቀሳቅሷል። ድምሩ ራሱ ግራና ቀኝ ከተለያየ ደግሞ የጎማውን ኩሽኔታ የተሸከመው ናክል ታጥፏል። በእህታችን መኪና የተለያየው ድምሩ ነበር፤ የሞተሩ ክፍል የልኬት ልዩነት ደግሞ ከ3 ሚሊ ሜትር አላለፈም። ስለዚህ ናክሉና የታችኛው አርም ተቀየሩ፣ ያጠረውም ርዝመት ተመለሰ። ሁለቱም አሉሚኒየም ናቸውና "አሙቄ ላቃናው" የሚል ቢመጣ እሺ እንዳትሉ።

ከኋላ ለተመታች ሚያታ ተጨማሪ መታየት ያለበት ከካምቢዮ እስከ ዲፈረንሻል የተዘረጋው ረጅሙ የአሉሚኒየም ማያያዣ ነው። እሱ ከተጣመመ መኪናው በፍጥነት ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ደግሞ ጎማ ባላንስ እያስደረገ ይከርማል።

ኮፈኑን በተመለከተ ጋሼ አይከራከሩም፤ ይቀየራል። በዚህ ሞዴል ኮፈኑና የፊት ፓራፋንጎዎቹ አሉሚኒየም ናቸው። አሉሚኒየም አንዴ ከታጠፈ እዚያው ላይ ይጠነክራል፣ መልሰው ሲቀጠቅጡት ይሰነጠቃል፤ ሲሞቅም እንደ ብረት ቀልቶ ስለማያስጠነቅቅ ድንገት ይቀልጣል። ለብረት ባገለገለ መፋቂያና ብሩሽ ከተነካ የብረቱ ብናኝ ውስጡ ይቀርና ከወራት በኋላ ቀለሙ ከሥር ይነፋል። ከተመሳሳይ መኪና የወጣ ያልተመታ ኮፈን ከተገኘ ከተቀጠቀጠው በእጅጉ ይሻላል። በስቱኮ ተሞልቶ የሚመለስ ኮፈን ለፎቶ ነው የሚያገለግለው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ሶል ሬድ ክሪስታል፣ ኮዱ 46ቪ። ከእሱ በፊት የነበረው ሶል ሬድ 41ቪ ስሙ ቢቀርብም ሌላ ቀለም ነው፤ በስም ብቻ ያዘዘ ይሳሳታል። 46ቪ ሦስት ንብርብር አለው፦ ከሥር የአሉሚኒየም ብናኝ ያለበት ብርሃን መላሽ ንብርብር፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ፣ ከሁሉ በላይ ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው አንጸባራቂ መሸፈኛ። ጥልቀቱን የሚሰጠው መካከለኛው ነው። አንድ ዙር ሲበዛበት ይጠቁራል፣ አንድ ዙር ሲጎድልበት ይገረጣል፤ የቀለም ፎርሙላው ትክክል ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ ጋሼ መኪናው ላይ ከመርጨታቸው በፊት አራት ካርድ ይቀባሉ፦ መካከለኛው አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዙር፣ ሁሉም ክሊር ተደርቦባቸው። ደርቀው ሲያበቁ ፀሐይ ላይ በሩ አጠገብ ይያዛሉ፤ ከፊትም ከጎንም ይታያሉ። የሚመሳሰለው ካርድ ስንት ዙር እንደሚረጭ ይነግራቸዋል። በዚያም ላይ ፓራፋንጎው ብቻ አይቀባም፤ ቀለሙ ወደ በሩ እየሳሳ ገብቶ እንዲጠፋ ይደረግና በሩ ሙሉ በሙሉ ክሊር ይለብሳል። ይህ ወጪ በግምቱ ላይ መጻፍ አለበት። "ፓራፋንጎዋን ብቻ ቀብቼ በርካሽ" የሚለው ሰው መንታ ቀለም ያለው መኪና ነው የሚያስረክባችሁ።

ስለ ገንዘቡ። በሜሪላንድ የጥገናው ወጪ ከመኪናው የገበያ ዋጋ 75 ከመቶ ካለፈ መኪናው ሳልቬጅ፣ ማለትም ጉዳቱ ከዋጋው አንጻር የከበደ መኪና፣ ይባላል። ለምሳሌ ዋጋው 20,000 ዶላር ከሆነ ድንበሩ 15,000 ነው። በፎቶ የተሠራ 8,000 ዶላር ግምት ሲፈታ 12,000 መድረሱ ያለ ነገር ነው፤ ያ ልዩነት በተጨማሪ ግምት ይጠየቃል። ኤርባግ ሲፈነዳ ግን ከረጢቱ፣ የቀበቶው መሳቢያ፣ የመቆጣጠሪያው ሳጥን፣ አንዳንዴ ዳሽቦርዱም አብረው ስለሚቀየሩ ሻንሲዋ ምንም ያልሆነች መኪና እንኳ ድንበሩን ታልፋለች። ኤርባግ አልፈነዳም ያልነውን ያዙልን ያልነው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የድንበሩን ሌላኛውን ጫፍ ነው፤ የመኪናውን ዋጋ። ሚያታ ስፖርት፣ ክለብ፣ ግራንድ ቱሪንግ እየተባለ ይለያያል፤ ክለቡም የብሬምቦ ፍሬንና የቢቢኤስ ቸርኬ ያለው አለ። አጃስተሩ፣ የኢንሹራንሱ ገማች፣ ክለቡን ስፖርት ብሎ ከመዘገበው ዋጋው ይወርዳል፣ ድንበሩም አብሮ ይወርዳል፣ ሊሠራ የሚችለው መኪና ቶታል፣ ማለትም አይሠራም ተብሎ ዋጋው የሚከፈልበት፣ ይደረጋል። በዓመት፣ በማይል፣ በካምቢዮ ዓይነት የሚመሳሰሉ የሽያጭ ማስታወቂያዎችን አትማችሁ ስጡ። ጥፋቱ የሌላው ሹፌር ከሆነ ደግሞ መኪናው ከተሠራ በኋላም በግጭቱ ታሪክ ምክንያት የቀነሰው ዋጋ ከእሱ ኢንሹራንስ ሊጠየቅ ይችላል። ጋሼ ለዚህ የሚሆነውን የልኬት ወረቀትና ፎቶ አደራጅተው ይሰጣሉ።

"አትሠራም" የሚሉትስ መቼ ነው? የፊቱ የሻንሲ ክንድ ተሰብሮ ሲታጠፍ፣ ምቱ ከመስታወቱ ሥር ወዳለው ግድግዳ ወይም ወደ በሩ ምሰሶ ሲደርስ። ጠንካራው ብረት በእሳት ከተቃና ጥንካሬው ይሄዳል፤ ዳግም ሲመታም ቀድሞ እንደተከላከለ አይከላከልም። ለሚያታ ባለቤት መራር ቢሆንም እውነት የሆነ ነገር አለ፦ መኪናው ብርቅ አይደለም፤ አንድ ሚሊዮንኛው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 ነው የተሠራው። ያልተመታ ተመሳሳይ ይገኛል። ልባችሁ እምቢ ካለና ሳልቬጁን ከኢንሹራንስ አስቀርታችሁ ልታሠሩ ካሰባችሁ፣ የሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ ፍተሻ እንዳለበት፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ የሚቀረው ምልክት እንደማይፋቅ፣ ሙሉ ሽፋን የማይሰጡ ኢንሹራንሶች እንዳሉም አስቀድማችሁ አስቡበት።

ጉድለታቸውንም እንናገር፤ ጋሼ ስልክ አያነሱም፣ አይቸኩሉም። የኪራይ መኪና ሽፋናችሁ ስንት ቀን እንደሆነ አይታችሁ ግቡ። መኪናው ተጎትቶ የሚያድርበት ግቢ በየቀኑ ስለሚያስከፍል ግን እሱን ቶሎ አስወጡት። ሄዳችሁ በጠዋት አግኟቸው፤ የኢንሹራንሱን ግምት፣ የክሌም ቁጥሩን፣ ታይትሉን ወይም ሬጅስትሬሽኑን ያዙ። የተሰበረውን ፕላስቲክ ሁሉ፣ ቅንጥብጣቢውንም ጭምር አትጣሉ፤ የትኛው ማያያዣ ከየት እንደተነቀለ እሱን አይተው ነው የሚያውቁት። ሥራው ሲያልቅ ከመቀበላችሁ በፊት የመጨረሻውን የኮምፒውተር ስካንና የአላይመንት ወረቀት ጠይቁ፤ ሳትጠይቁም ይሰጧችኋል። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንልካለን።